በመስኮቱ የቀረው ሰላምታ

ለክቡር ራ ሞአጊ፣
የወረዳችን ጤና ቢሮ ኃላፊ

ክቡርነትዎ እንዴት ከረሙ? ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ በረት ያሉት ላሞችዎስ ደህና ናቸው? ይህን ሁሉ የምጠይቀው ጊዜዎን ለመሻማት ሳይሆን፣ በእኛ በቦትስዋና ሰው ሳይጠያየቅ ጉዳዩን ስለማይጀምር ነው፤ ክቡርነትዎም እዚሁ ያደጉ ነዎትና አይጠፋዎትም። እኔ ደህና ነኝ ብል ግን እዋሻለሁ።

እርስዎን የማይመለከተውን አስቀድሜ ልተወው። የሚኒባሱ ረዳት «ጠጋ በል፣ ሽማግሌ» ብሎ በክርኑ ቢገፋኝ፣ የሱቋ ልጅ ስልኳን እያየች ዕቃዬን ብትወረውርልኝ፣ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። እሱን ለምደነዋል። የእርስዎ ድርሻ የሚከተለው ነው፦

፩. ታናሽ እህቴ ኦራቲሌ ደረቷን ሲወጋት ወደ ጤና ጣቢያችን ሄዳ፣ በካርድ ክፍሉ መስኮት ጎንበስ ብላ «ዱሜላ ማ፣ እንዴት ዋሉ?» ብላ እንደ ወጋችን ሰላምታ ሰጠች። ሠራተኛዎም ቀና ሳትል «ምን ፈለግሽ? ተናገሪ፣ ካለዚያ ዞር በይ» አለቻት። አብራት የነበረችው ጎረቤታችን ማ ፎንዮ ናት የነገረችኝ። ለዚህ ቅልጥፍና ምስጋናዬ ይድረስዎት፤ እኛ ሞኞቹ በሰላምታ ስንት ዕድሜ አባክነናል!

፪. እህቴ ዞር አለች። እናታችን ያሳደገችን ሰላምታችንን ላልመለሰ ሰው ሕመማችንን እንዳንናገር አድርጋ ነውና፣ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። ማ ፎንዮ «ኧረ ተነሽና ንገሪያት» ብትላት፣ «ቆይ፣ መጀመሪያ ትመልስልኝ» አለች። ያ የመጨረሻ ቃሏ ሆነ፤ እዚያው አግዳሚው ላይ አረፈች። ቢሮዎ የላከልኝ ማብራሪያ «ታካሚዋ ሕመሟን አላሳወቀችም» ይላል። እውነት ነው፣ አላሳወቀችም። ለእውነተኛነትዎም አመሰግናለሁ።

፫. ይህኛውን ለማን እንደማቀርበው ስላላወቅሁ ለእርስዎ አቅርቤዋለሁ። ከቀብሯ ወዲህ ረፋድ ላይ ግቢዬን ስጠርግ ከአጥሩ ማዶ «ዱሜላ» የሚል ድምፅ እሰማለሁ። የእሷ ድምፅ ነው። እመልሳለሁ፤ ግን መልሱን የምትፈልገው ከእኔ አይደለምና አትሄድም። መጥረጊያዬን ይዤ እንደቆምኩ እቀራለሁ። እፈራለሁ፣ ክቡርነትዎ። አዝዬ ያሳደግኋትን እህቴን መፍራቴ ደግሞ ያሳፍረኛል። ጤና ጣቢያውም ቢሆን አግዳሚው ጫፍ ላይ ዛሬ የሚቀመጥ የለም፤ ሰው ሁሉ ተጣብቦ ይቀመጣል፣ ሲያልፍም ለባዶው ቦታ ሰላምታ ይሰጣል። ሠራተኛዎ ብቻ ቀና አትልም።

እንድትባረር አልለምንም። ልጆች አሏት አሉ። አንድ ቀን ከመስኮቷ ወጥታ ወደዚያ ጫፍ ዞራ «ዱሜላ ማ፣ ምንሽን ነው ያመመሽ?» ብትል ይበቃኛል። እህቴ ነግራት ትሄድ ነበር።

የክቡርነትዎን ደጅ ዘወትር አክብሮ የሚያልፍ፣ የቢሮዎ ቅልጥፍና የወንድምነቱን ሸክም ያቀለለለት ታዛዥዎ፣

ሴአቤሎ ኬትሎጌ

ግልባጭ፦
ለመንደራችን ሸንጎ፣ በሕዝብ ፊት እንዲነበብ

ማስታወሻ፦ ይህችን መስመር የምጨምረው ከቢሮዎ በር ላይ ሆኜ ነው። ደብዳቤውን በእጄ ላስረክብ መጥቼ ለጸሐፊዎ ሰላምታ ሰጥቻታለሁ፤ ቀና አላለችም። እዚሁ በሩ ላይ ካለው አግዳሚ ተቀምጬ መልሷን እየጠበቅሁ ነው። የእኛ ቤት ሰው እንዴት እንደሚጠብቅ መቼም አሁን ያውቃሉ።