ቺዝ የሌለበት ፒዛ

ላኑስ፣ ሰኞ ከሰዓት በኋላ

ውድ ወንድሜ ዳርዶ፣

እንደምን አለህ? ስለ ብርዱ አልጠይቅህም። ደቡብ ዋልታ ድረስ በገዛ ፈቃዱ ለሥራ ሄዶ ስለ ብርድ የሚያማርር ሰው አልወድም። እኛ እዚህ ደህና ነን። ደህና ነን ስልህ እኔንና ድመቷን ማለቴ ነው። የልጅህን ነገር ግን ቁጭ ብዬ ልጻፍልህ ብዬ የጀመርኩትን ቀሚስ እንኳ ሳልጨርስ የስፌት መኪናዬን ከድኛለሁ።

በዶን ኤቫሪስቶ የመገናኛ ሬዲዮ የተነጋገርን ቀን ያልከኝን አልረሳሁም። «እታለም፣ ሮሲና ካልበላች ንገሪኝ፤ በረዶው ሳይዘጋን በመጨረሻው አውሮፕላን ተሳፍሬ እመጣለሁ። ከበላች ግን እስከ ኅዳር ልቆይ» አልከኝ። መልሴን በሬዲዮ ልነግርህ አልፈለግሁም። ዶን ኤቫሪስቶ ደግ ጎረቤት ነው፤ ነገር ግን እሱ ቤት የተወራ ነገር ከእኔ ቀድሞ ዳቦ ቤት ይደርሳል። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልህ ያው የመጨረሻው አውሮፕላን ነው። ለማሰብ ያለህ ጊዜ ዕቃው ተራግፎ እስኪያልቅ ድረስ ብቻ ነው፤ በደንብ አንብበው።

ልጅህ መራጭ መሆኗን ድሮም እናውቃለን። ዘር ከልጓም ይስባል። አንተ በአምስት ዓመትህ ምን እንደነበርክ ረስተኸው ይሆናል፣ እኔ ግን አልረሳሁትም። ሾርባው ላይ አንዲት ቅጠል ካየህ «ሣር አለበት» ብለህ ማንኪያህን ታስቀምጥ ነበር። ድንቹ ሥጋውን ከነካው የዚያን ቀን ምሳ አበቃ። እማማ አንዴ ትለምንሃለች፣ አንዴ ትቆጣሃለች፣ በመጨረሻ «ይሄ ልጅ ንፋስ በልቶ ነው የሚያድገው» ብላ ሳህኑን ታነሳዋለች። እኔ የተሰጠኝን ሁሉ ጥርግ አድርጌ እበላ ስለነበር ማንም ዞር ብሎ አያየኝም። እውነቱን ልንገርህ፣ ያኔ እቀናብህ ነበር።

የእሑዶቹ ፒዛ ትዝ ይልሃል? አባባ ከባቡር ጋራዡ ይዞት የመጣውን የእጁን ቅባት በሎሚ ፈትጎ ፈትጎ ሊጡን ያቦካ ነበር። ካቦካ በኋላ ጎድጓዳ ሳህኑን በሥራ ካፖርቱ ይሸፍነውና «ዝም በሉ፣ ተኝቷል» ይለናል። እኛም እውነት መስሎን በእግር ጣታችን እንራመድ ነበር። ቲማቲሙና ነጭ ሽንኩርቱ ሲቁላላ ሽታው እስከ ጓሮው የወይን ዳስ ድረስ ይደርሳል። ያን ሽታ ዛሬም ሳሸተው አባባ በሕይወት ያለ ይመስለኛል፤ ምን ላድርግ፣ ይመስለኛል።

አንድ እሑድ አጎቶቻችን ሁሉ በተሰበሰቡበት የቀለጠው ቺዝ ከአፍህ እስከ ሳህኑ ተለጠጠ፤ አንተም ጉሮሮህ ውስጥ የገባ ነገር ያለ ይመስል ጮህክ። ሁሉም ሳቁብህ። አባባ ግን አልሳቀም። ተነስቶ ወደ ኩሽና ገባና ቺዝ የሚባል ነገር የሌለበት፣ ስጎውን ያበዛበት፣ ኦሬጋኖ የሚባለውን ደረቅ ቅመምና ትንሽ ሚጥሚጣ ነገር ነስነስ ያደረገበት ሌላ ፒዛ ጋገረ። ቀዝቀዝ እስኪል ጠበቀ፤ በአራት ማዕዘን ቆራርጦ ጋዜጣ ላይ ደረደረው። ከዚያ አንተን እንዳላየ ሆኖ ለእኔ በሹክሹክታ ነገረኝ።

«ኢርማ፣ ይሄን ዳርዶ እንዳያየው። ይሄ ስታዲየም በር ላይ የሚሸጠው ነው። ለትልልቅ ሰዎች ነው፣ ቆሞ ነው የሚበላው።»

«እኔም እቆማለሁ» አልክ።

«አትችልም። ይደክምሃል።»

«እችላለሁ አልኩህ እኮ!»

ቆመህ አራት ቁራጭ በላህ። ከዚያ ወዲያ ለስንት ጊዜ በቤታችን እሑድ ምሳ ተቀምጦ የበላ የለም። እማማ «ቤቴን ስታዲየም አደረጋችሁት» እያለች ከኋላችን ትዞራለች፤ አባባ በየጉርሻው መሃል «ጎል!» ይላል፤ አንተ ስጎውን እስከ ጆሮህ ተለቅልቀህ ትስቃለህ። በሕይወቴ ከዚያ የበለጠ ጥሩ ምሳ በልቼ አላውቅም።

ሮሲና አንተ ከሄድክ ወዲህ በወተት የራሰ ዳቦና ነጭ ፓስታ ብቻ ነበር የምትበላው። ከሬዲዮው ቀን በኋላ ደግሞ እሱንም ተወችው። ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድ ሁለት ማንኪያ ቀመስ አድርጋ አፏን ትዘጋለች። የጎድን አጥንቷ በሸሚዟ ላይ መታየት ጀመረ። ሐኪሙ ምንም በሽታ የለባትም አለኝ። እኔም ልቤ ተሸንፎ «ና» ብዬ ልጽፍልህ ወረቀት አውጥቼ ነበር። ከዚያ በፊት ግን ትናንት እሑድ ነበርና፣ እስቲ የአባባን ሙያ ልሞክር ብዬ ከእሷ ጋር ሊጥ ማቡካት ጀመርን።

ገና ጣቷን ከማስገባቷ «ተጣበቀብኝ» አለች።

«ሊጥ ነው፣ ይጣበቃል።»

«ጠልቶኝ ነው?»

«ወዶሽ ነው እንጂ፣ የጠላ መች ይጣበቃል።»

አሰበችበትና ሄዳ ታጠበች። ተመልሳ ነካችው፣ እንደገና ታጠበች። ሊጡን ያቦካሁት እኔ፣ ውሃውን የጨረሰችው እሷ ናት። ሽንኩርቱን ስከትፍ አፍንጫዋን ይዛ በረንዳ ወጣች። የወይራውን ፍሬ ሳሳያት «ዐይን ነው፤ እያየኝ አልበላውም» አለችኝ። ጎን ለጎን የጋገርኩትን የሽምብራ ቂጣ «ይሄ የፒዛው ብርድ ልብስ ነው?» ብላ ገፋችው። ቺዙማ አይነሳ። «ክር አለው። አፌን ይሰፋዋል» አለች። ልብስ ሰፊ ሆኜ ከዚህ ልጅ ጋር ስለ ክር ምን ብዬ ልከራከር?

ያኔ ነው የአባባ ዘዴ ትዝ ያለኝ። ቺዙን ወደ ቦታው መለስኩት። «እንግዲህ ላንቺ የሚሆን የለኝም» አልኳት። «አንድ ዓይነት አለ፣ ግን ለልጅ አይሰጥም። አባትሽ ብቻ ነበር የሚችለው።»

«አባዬ?»

«ቆሞ ነው የሚበላው።»

«እኔ ከሱ የበለጠ መቆም እችላለሁ።»

ስጎውን ራሷ ቀባችው፤ አንዲት ጥግ እንዳይቀርባት እየዞረች። ቀዝቅዞ ጋዜጣው ላይ ስደረድረው መስኮቱ ሥር ቀጥ ብላ ቆመች። አንዱን በላች። ሁለተኛውን ሳልሰጣት አነሳችው። ሦስተኛውን ስትበላ እኔ ወደ ግድግዳው ዞሬ ዕንባዬን በሽርጤ ጠረግሁ፤ ልጅ ሲበላ አይታይም፣ ይደነግጣል።

ድንገት ማኘኳን አቆመች። እጇን አፏ ላይ ጫነችና የስፌት መኪናው ሥር ገብታ ተንሰቀሰቀች። እኔም በዚህ ጉልበቴ ተንበርክኬ ተከተልኳት።

«ምን ሆንሽ የኔ እናት? ምላስሽን ነከስሽው?»

«በላሁ» አለች።

«በላሽ እንጂ፣ ጎበዝ።»

«ለአባዬ እንዳትነግሪው፣ አክስቴ። ከበላሁ አይመጣም። ዶን ኤቫሪስቶ ቤት ሲያወራ ሰምቼዋለሁ። ካልበላች ነው የምመጣው ብሏል።»

ዳርዶ፣ የተናገረችውን እንደገና አንብበው። አምስት ዓመቷ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሆዷ እየጮኸ ለአንተ የገባችው ቃል ያለ ይመስል ስትጾም የከረመችው አንተን ለማምጣት ነው። እኔ ሞኟ ደግሞ ቅመም ስቀያይር ነበር።

እዚያው ሥር ከጎኗ ተቀመጥኩ። «ለአባትሽ ውሸት አልጽፍለትም» አልኳት። ፊቷን ጉልበቷ ውስጥ ቀበረች። «ግን እውነቱን ሁሉ ነው የምጽፍለት» አልኳት። አላመነችኝም መሰለኝ። ዛሬ ጠዋት ግን የተረፈውን ፒዛ በላች፤ አንዴ ከቀመሱ ወዲያ ረሀብ አይቻልም።

ለምን እንደሄድክ አውቃለሁ። ቤቲና ከሞተች ወዲህ በዚያ ቤት ውስጥ ዐይንህ የት እንደሚያርፍ ጠፍቶህ ነበር። የልጅቷ ሳቅ የእናቷ ሳቅ ነው፤ እሱን መስማት እንዳቃተህ አይቻለሁ። አልፈረድኩብህም፤ ሻንጣህንም ያሰናዳሁልህ እኔ ነኝ። አሁን ግን እልሃለሁ፣ ሐዘንህን እዚያ ጥለኸው እንድትመጣ አልጠብቅም። ይዘኸው ና። አብረን እንይዘዋለን፤ ቤቱ ይበቃናል።

እንግዲህ አንተ ቃል አስገብተኸኛል፣ ጠይቀኸኛልም፤ መልሴ ይኸው። ልጅህ በልታለች። ጠግባ በልታለች፣ እግዜር ይመስገን፣ ከእንግዲህም ትበላለች።

አሁንም ቢሆን ና።

የምትቆጣህና የምትወድህ እህትህ፣
ኢርማ