ካሴት ጠባቂውን የመረጡ ዕለት

ውድ አለቃዬ፣

ጡረታ ከወጡ ሦስት ዓመት ሆነዎት፤ እኔ ግን ዛሬም ሌላ መጠሪያ አይመጣልኝም። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? ይህን የምጽፍልዎት አንድ ነገር ተናዝዤ ለመገላገል ነው።

የሆስፒታሉን ትልቅ ኮምፒውተር ያስታውሱታል፤ ያንን ክፍል ሙሉ ይዞ እንደ ወፍጮ የሚያጓራውን። መረጃውን በራሱ የሚያደራጅና የማያስፈልገውን የሚያጠፋ ሶፍትዌር ሊገጠምለት ሲወሰን፣ ዕቅድ አውጪ ቡድን እንዲያቋቁሙ እርስዎ ታዘዙ። በዲግሪ የሚመርጡ መስሎኝ ክራባቴን አስሬ ጠበቅሁ። እርስዎ ግን በየክፍሉ እየዞሩ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁ ነበር፦ "መረጃ ሲጠፋባችሁ ለማን ነው የምትደውሉት?"

ሁሉም "ለጋሼ ቁልፍ" አሉ፤ እርስዎም መጀመሪያ እሳቸውን መረጡ። የቁልፍ ዘለላ ወገባቸው ላይ አንጠልጥለው የሚዞሩት የኮምፒውተሩ መረጃ ተቀድቶ የሚቀመጥበት የካሴት መጋዘን ጠባቂ! አንጀቴ አረረ። "መደርደሪያ ጠባቂ ከሲስተም ባለሙያ እኩል ሊቀመጥ?" እያልኩ ጓደኞቼ ፊት ቀለድኩ። ቀልዱ አልበቃኝ ብሎ ለዳይሬክተሩ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ "በይሉኝታ ነው የሚመርጡት፣ ኃላፊነቱ ለሌላ ሰው ይሰጥ" ብዬ። ሌላ ሰው ያልኩት ራሴን ነበር።

በሳምንቱ ቡድኑ ውስጥ አስገቡኝ፤ የትኛው ፋይል እንደሚጠፋ ደንብ የማውጣቱንም ሥራ ሰጡኝ። ደብዳቤዬ መሳቢያ ውስጥ የቀረ መስሎኝ ዓይኔን በጨው አጥቤ ስብሰባ ገባሁ። ደንቤ አጭር ነበር፦ አምስት ዓመት ያልተከፈተ ሁሉ ይጥፋ። ሰው ሁሉ ሊስማማ ሲል ጋሼ ቁልፍ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ልጄ፣ ልባቸው ላይ መሣሪያ የተገጠመላቸው ሰዎች ካሴት በስምንት በዘጠኝ ዓመት አንዴ ነው የሚጠራው፤ የመሣሪያው ባትሪ ሲያልቅ። ሲጠራ ግን ሰውየው ቀዶ ጥገና አልጋ ላይ ተኝቷል።"

ደንቤን የጻፍኩበትን ወረቀት ወደ ኪሴ መለስኩ። ሶፍትዌሩ አጥፋ ያሉትን ያጠፋል እንጂ ለምን ብሎ አይጠይቅም። እርስዎ ግን አልገሠጹኝም። "ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ" ብለው ደንቡን ከጋሼ ቁልፍ ጋር እንድጽፈው አዘዙኝ። ወር ሙሉ መጋዘን ውስጥ አቧራ እየዋጥን ካሴት በካሴት ለየን። ሶፍትዌሩ ሥራ ከጀመረ ወዲህ አንድም ሕመምተኛ ፋይሉ አልጠፋበትም።

ትናንት የዳይሬክተሩ ጸሐፊ በጨዋታ መሐል፣ "ያ ደብዳቤህ እኮ በማግስቱ አለቃህ እጅ ገብቶ ነበር" አለችኝ። ክው አልኩ።

"አንብበው ምን አሉ?"

"ሳቁ። 'ልጁ ሥራውን ያውቃል፤ እኔን መውደድ ግዴታው አይደለም' ብለው ስምህን ዝርዝሩ ላይ ጻፉ።"

አለቃዬ፣ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ያን ሁሉ ጊዜ እያወቁ አንዲት ቀን እንኳ ፊት አልነሱኝም። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ኖሮ ያንን ደብዳቤ የጻፈውን ልጅ የማባርርበትን ቀዳዳ ነበር የምፈልገው።

ቅዳሜ ጠዋት መጥቼ በርዎን አንኳኳለሁ። ይቅርታ በወረቀት ብቻ አይሆንም። ባይከፍቱልኝም እውነትዎን ነው፤ አልቀየምም። ብቻ አንድ ነገር ይወቁልኝ፦ ግዴታዬ አልነበረም፤ ግን እወድዎታለሁ።

ያው ያስቸገርኩዎት፣
የሲስተም ሠራተኛዎ