ያላወጣሁት እጅ

ይድረስ ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ ታላቅ እህቴ፤

እታለሜ፣ እንዴት ነሽልኝ? ጉልበትሽስ፣ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ያስቃስትሻል? ባለቤትሽን ሳሉ ለቀቀው? ያቺ ትንሿ፣ በስልክ «አክስቴ፣ አንቺ ለምን ትጮሂያለሽ?» ያለችኝ ጉደኛስ እንዴት ናት? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ወፍሬያለሁ። ባለቤቴም እንደምታውቂው ነው፤ ሬዲዮ ከፍቶ ይተኛል፣ ስዘጋው ይነቃል። ደግሞ ልጄ ፈተናዋን አለፈችልኝ! እልልታዬን ሳቀልጠው ጎረቤቶቼ ባልዲ ባልዲያቸውን ይዘው ከየቤታቸው ወጡ። እኔ ሳቅሁ፣ እነሱ ግን አልሳቁም። ገበያው ከተቃጠለ ወዲህ እዚህ የሰው ጩኸት ሁሉ የእሳት ጩኸት ሆኗል።

ባለፈው በስልክ አልቅሰሽ ለለመንሽኝ ነገር መልሱን በስልክ ልነግርሽ አቃተኝ። እኔ፣ የማወራው ሰው ሲጠፋ ከድመቷ ጋር የማወራው ሴት፣ ስልኩን አንስቼ ቁጥርሽን እየነካሁ መልሼ አስቀመጥሁት። ስለዚህ አረፍ በይና አንብቢው።

ወሬው ተቆራርጦ ስለደረሰሽ ከሥሩ ልንገርሽ። የገበያው ሱቆች ሲቃጠሉ ጫማ ሰፊው ከአንደኛው ውስጥ ተኝቶ ነበር፤ ሳይወጣ ቀረ። ከዚያ ያ ፍልቅልቁ የምንለው የሰፈራችን ሰው ቦታውን ለሕንፃ ስለፈለገው ሰው ገዝቶ ነው ያስለኮሰው የሚል አቤቱታ ለፖሊስ ቀረበበት። እሱ ደግሞ እንደኔው የምክር ቤት አባል ነውና፣ ፖሊስ እንዲይዘው መጀመሪያ እኛ ያለመከሰስ መብቱን ማንሳት ነበረብን።

አዎ፣ ያው የኛው ፍልቅልቅ ነው። መኪና ሰፈራችን አልገባም ያለ ቀን እናታችንን አዝሎ ዋናው መንገድ ድረስ ያደረሳት። በዚያ ሁሉ ሕመሟ ውስጥ «እማማ፣ ትንሽ ቀለል ይበሉልኝ እንጂ፣ አለዚያ አልጋውን ለሁለት ነው የምንይዘው» እያለ ሲያስቃት ትዝ ይለኛል። አንቺም «የእናቴን ገላ የተሸከመ ሰው አሳልፈሽ እንዳትሰጪብኝ» ያልሽኝ ለዚህ ነው። ማሬ፣ እኔስ ረሳሁት እንዴ?

አዳራሽ ውስጥ ወንበራችን ጎን ለጎን ነው። ምክር ቤታችን ደግሞ አንድ ልማድ አለው፤ አባል ሲቀር፣ አጠገቡ የሚቀመጠው ሰው ስለሱም ሁለተኛ እጁን ያወጣል። ፍልቅልቁ መቅረት ስለሚያበዛ ስንት ጊዜ ሁለት እጄን አውጥቼለታለሁ! «ያን ጊዜ የተማረከ ወታደር ትመስያለሽ አሉ» እያለ ይቀልድብኛል።

ታዲያ ከእሳቱ ማግስት ተሰብስበን፣ ሊቀመንበሩ የጫማ ሰፊውን መሞት ሲነግሩን፣ ፍልቅልቁ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «እዚያ ያድር ነበር እንዴ?» አለኝ። ይኸው ነው፣ ሌላ የለም። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ደንግጦ ነው ብዬ ውሃ ቀዳሁለት። አሁን ግን ያ ቃል ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ድስት ስከድን እሰማዋለሁ፤ ፀጉሬን ስፈታ እሰማዋለሁ። ሰው ሲያዝን የሚለው ነው? ወይስ ያላሰበው ነገር ሲመጣበት የሚለው? አገላብጬ አገላብጬ ደከመኝ።

ድምፅ የምንሰጥ ዕለት እሱ እንዳይገኝ ተነግሮት ነበር። ጧት ደወለልኝና «እህቴ፣ ግራ እጅሽ የኔ ነው፤ አደራ» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ግን መሐል ላይ ቀጥ አለ።

«መብቱ ይነሳ የምትሉ?» ሲባል ቀኝ እጄን አወጣሁ። «አይነሳ የምትሉ?» ሲባል፣ እነዚያ ከእኛ በአንድ እጅ ብቻ ጎደሉ። የሱን እጅ ባወጣለት እኩል ይሆናል፤ እኩል ከሆነ ደግሞ ይነሳ የሚለው ሐሳብ ይወድቃል። አዳራሹ ሁሉ ግራ እጄን ያያል። እኔም ከታፋዬ ሥር ከትቼ ተቀመጥሁበት። ከኋላዬ ያሉት ጡረተኛ መምህር በትሕትና «የኔ እመቤት፣ የጎረቤትዎን እጅ ረሱት» አሉኝ። «አልረሳሁትም፣ ጋሼ» አልኋቸው።

አፌ አይዘጋምና ቃል አቀባይ አድርገው የሾሙት እኔን ነው፤ ይህን ሹመት በሌላ ቀን ነግሬሽ በሳቅ ልንፈርስ ነበር ሐሳቤ! የአዳራሹ ደረጃ ላይ ቆሜ ለጋዜጠኞቹ «ምክር ቤቱ ማንንም ጥፋተኛ አላለም፤ በሕግ ይጠየቅ ነው ያለው» አልሁ። ጥሩ ተናገርሁ። ይህን ጊዜ የጫማ ሰፊው ሚስት የባሏን ካፖርት ደርባ ከሰው መሐል ወጣች። አልጮኸችም። «እሜቴ፣ ባሌ ሱቆቹን እየጠበቀ እዚያ እንደሚያድር የማያውቅ ሰው ነበር?» አለችኝ። እታለሜ፣ ወረቀቴን አጣጥፌ ወደ ውስጥ ገባሁ።

በነጋታው ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ያችን ፍልቅልቁ በጆሮዬ ያላትን ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ ተናገርሁ። መርማሪው «ይኸው ብቻ?» አለኝ። «ይኸው ብቻ» አልሁት። ከሰዓት በኋላ ፍልቅልቁን ይዘው ወሰዱት።

አሁን ስብሰባ ሲጀመር ጸሐፊዋ በልማድ ስሙን ትጠራለች፤ እኛም ሁላችን «አለሁ» እስኪል ወንበሩን እናያለን። የቤታችንን ደረጃ ስወርድ ደግሞ ከኋላዬ የእግር ኮቴ እሰማለሁ፤ ሰው ያዘለ ሰው ኮቴ፣ ቀስ ያለ፣ የከበደው። ዞር ስል ባዶ ነው። ለባለቤቴ አልነገርሁትም፤ ለአንቺ ብቻ ነው። እማማ ተቀይማኝ ይሆን?

ፍርዱን ገና አናውቀውም። ንጹሕ ሆኖ ከወጣ እግሩ ላይ እወድቃለሁ። ጥፋተኛም ቢሆን ስንቁን የማመላልስለት እኔ ነኝ። ትናንት ምሳ ይዤ ሄጄ ነበር፤ ከማን እንደሆነ ሲሰማ ሳይከፍት መለሰው።

ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ዝንጅብሉን ይጠጣ። ትልቁን ልጅሽን በርታ በይልኝ፤ ትንሿን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። ለአማትሽም ከጉልበታቸው ዝቅ ብዬ እጅ ነሥቻለሁ። አንቺ ከተቆጣሽኝ ደውለሽ ተቆጪኝ፤ ስድብሽን እችላለሁ፣ ዝምታሽን ግን አልችለውም። አሁን ልነሳ፤ የዛሬውንም ምሳ ይዤለት ልሂድ።

ታናሽ እህትሽ
ከእናታችን ቤት፣ ሐሙስ ረፋድ ላይ