ዘገም የሚለው ኢንዛይም

አብሮ አደጌ፣ እዚህ ፖስት ካርድ ላይ ያለውን ባሕር እኔም ገና አላየሁትም፤ ይልቅ ያየሁትን ላጫውትሽ።

ታናሽ እህቴ የመጀመሪያ ፅንሷ ከጨነገፈ ወዲህ ደስታን ትፈራለች። አሁን ደግማ ፀንሳ፣ የደም ምርመራዋ «የዘረመል ልዩነት» የሚል ውጤት ቢያመጣ «ጥፋቱ የኔ ነው» ብላ እህል አልቀምስ አለች። እጇን ይዤ ሐኪሟ ዘንድ ወሰድኳት። ሽበት ጣል ጣል ያደረገባቸው ሴት ናቸው።

«ልጄ፣ ፎሌት የሚባለውን የቅጠላ ቅጠል ቫይታሚን ለሰውነት የሚያሰናዳ ኢንዛይም አለ። በዚህ ልዩነት የተነሳ ያንቺው ዘገም ይላል እንጂ ሥራ አልፈታም» አሏት።

«እንደ ባሌ ነው በሉኛ!» አለች እንባዋን እየጠረገች።

ሐኪሟ ከት ብለው ሳቁ። «ስንት ሰው አለው መሰለሽ! እኔም አለኝ፤ ወልጄ ስሜያለሁ። ላለፈው ሐዘንሽ ኢንዛይሙንም ራስሽንም አትውቀሺ። የፎሊክ አሲድ እንክብልሽን በየቀኑ ዋጪ፣ ምግብሽን ብዪ፤ በቃ።»

እዚያ እኛ ሰፈር ቢሆን «በዘሯ ነው» እያሉ ስንት ይንሾካሾኩባት ነበር!

ወጥተን ትንሽ እንደሄድን ዳቦ ቤት በር ላይ ቆመችና «ርቦናል» አለችኝ።

«ኧረ እኔ ጠግቤያለሁ።»

«አንቺን ማን ጠየቀሽ?» ብላ ሆዷን ዳበሰች። ከፀነሰች ወዲህ ስለ ልጁ ስታወራ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያኔ ነው። መንገድ ላይ አቅፌያት አለቀስኩ።

ቦታ አለቀብኝ፤ ይኸው ጠርዝ ጠርዙን እየጻፍኩ ነው። ልጆችሽን አገላብጠሽ ሳሚልኝ። እናቴ ጋ ብቅ በይና «ሁለቱም በልተዋል» በያት።