ከበራ በኋላ ስንት ጊዜ ተጫነ

ውድ እታለም፣

ባለፈው እሑድ የዩኒቨርሲቲ አማካሪሽ ቤታችን መጥተው ነበር። እማዬ ሦስት ቀን ሙሉ ቤቱን ስታሰናዳ ሰነበተች። የሳሎኑን መጋረጃ አጠበች፤ ፎቶሽን ከመደርደሪያው አንስታ ቴሌቪዥኑ አጠገብ አደረገችው፤ አልሆን ሲላት መልሳ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው። ላገኘችው ሰው ሁሉ «የልጄ ጥናት ጆርናል ላይ ሊወጣ ነው። የቆጠረችባቸውን ወረቀቶች ሊወስዱ ነው የሚመጡት» ትላለች።

እኔ ሦስቱንም ቀን እህል አልወረደልኝም። እማዬ ሐዘን መሰላት። ሐዘንም ነበር፤ ግን እሱ ብቻ አልነበረም። ሌላውን በሕይወት ሳለሽ ልነግርሽ ሲገባኝ ዛሬ ነው የምጽፍልሽ።

ስለ ጥናትሽ መጀመሪያ የነገርሽኝ ቀን ትዝ ይልሻል? «ሰው ሊፍት ሲጠራ ቁልፍ ይጫናል፣ ቁልፉም ይበራል። ከበራ በኋላ ቢጫኑት ምንም አይጨምርም። ታዲያ ለምን ይደጋግሙታል?» አልሽኝ።

«ስለሚቸኩሉ ነዋ።»

«በምን አወቅህ?»

«ይሄንማ ማንም ያውቀዋል።»

«ማንም ያውቀዋል፣ ማንም ግን አልቆጠረውም» ብለሽ እስክሪብቶና ቅጽ ሰጠሽኝ።

ለጥናቱ የመረጥሽው ሆስፒታል ምድር ቤት ላይ ሁለት ሊፍት አለ፤ አንዱ ፋርማሲው ጋ፣ አንዱ ካርድ ክፍሉ ጋ። ዘበኛው በር ላይ ለጠያቂ ሁሉ ካርድ ያድላሉ፤ ሦስተኛ ፎቅ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ለሚሄድ ቀይ፣ ለሌላው ሰማያዊ። አንቺ የፋርማሲውን፣ እኔ የካርድ ክፍሉን ይዘን አራት ቅዳሜ ልንቆጥር ተስማማን። የምንጽፈው ሦስት ነገር ብቻ ነበር፦ ሰዓት፣ የካርዱ ቀለም፣ ቁልፉ ከበራ በኋላ ስንት ጊዜ ተጫነ። ቀይ ካርድ የያዘ ሰው አብልጦ ይጫናል ብለሽ ትገምቺ ነበር። ያንን ለኔ ከነገርሽኝ በኋላ ራስሽን ተቆጣሽ። «አፌን አዳለጠኝ። ቆጣሪ ምን እንደሚጠበቅ ማወቅ የለበትም» አልሽ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቅዳሜ በደንብ ቆጠርኩ።

ከዚያ ዓርብ መጣ። የባዮሎጂ መምህራችን፣ እኛ ማይክሮስኮፕ የምንለው፣ ዓርብ ዓርብ የመጨረሻውን አሥር ደቂቃ «የሳምንቱ ጉድ» እያለ የሚያስቅ የጥናት ርዕስ ያነብልናል። የዚያን ቀን የያዘው በመሠራት ላይ ያሉ ጥናቶች የተዘረዘሩበትን የዩኒቨርሲቲያችሁን መጽሔት ነበር። «የበራን የሊፍት ቁልፍ ደጋግሞ ስለመጫን» ብሎ ሲጀምር ጆሮዬ ጋለ። «ቀጥሎ ደግሞ የተቆለፈ በር ስንት ጊዜ እንደሚገፋ ያጠኑልናል።»

«ቲቸር፣ ለዚህ ዲግሪ ይሰጣሉ?» አለ አንዱ።

«ሁለተኛ ዲግሪ።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እህቴ ናት አላልኩም። ከሁሉም አብልጬ ሳቅኩ። ማታም እንደ ቀልድ አድርጌ ነገርኩሽ፤ አንቺም ፈገግ አልሽ። «መሳቅ ምንም አይደለም። ከሳቃችሁ በኋላ ግን አንዳችሁ እንኳ እንዴት ተቆጠረ ብላችሁ ጠየቃችሁ?»

«አይ።»

«እሱ ነው የከፋኝ» ብለሽ ወደ መኝታሽ ገባሽ።

በማግሥቱ ወንበሬ ላይ አንድ ሰዓት እንኳ አልቆየሁም። የሚያልፈው ሰው ሁሉ በኔ የሚስቅ መሰለኝ። ከሆስፒታሉ ጀርባ ኳስ ሜዳ አለ፤ እዚያ ሄድኩ። ልንሄድ ሃያ ደቂቃ ሲቀረን የኋላ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አራት ሰዓት ሙሉ የቆጠርኩ አስመስዬ ቅጹን ሞላሁት። ለቀይ አራት፣ አምስት፣ አልፎ አልፎ ሦስት። ለሰማያዊ ዜሮ፣ አንድ። እንዳያስጠረጥር ብዬ ለአንዱ ሰማያዊ አራት ሰጠሁት፤ በብልጠቴም ኮራሁ። በአራተኛው ቅዳሜም እንዲሁ አደረግሁ።

ውጤቱን የደመርሽ ቀን አቀፍሽኝ። «በኔ በኩል ድብልቅልቅ ነው፣ ያንተ ግን ጥርት ብሎ ወጣ» አልሽ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ። ነገ እነግራታለሁ አልኩ። አምስት ወር ሙሉ ነገ አልኩ።

ከዚያ ማክሰኞ ራስሽን አመመሽ። ሐሙስ ሦስተኛ ፎቅ ነበርሽ።

ዘበኛው ቀይ ካርድ ሰጡኝ። እሳቸውም አወቁኝ። የካርድ ክፍሉን ሊፍት ተጫንኩ፤ በራ። ከዚያ ስንት ጊዜ እንደጫንኩ አላውቅም። መቁጠር የጀመርኩት መሃል ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ብቻ አሥራ አንድ ደረሰ። ዘበኛው ከኋላዬ መጥተው እጄን ያዙኝ። «ልጄ፣ በርቷል እኮ» አሉኝ።

እኔ ከፈጠርኳቸው ሰዎች መካከል አሥራ አንድ ጊዜ የተጫነ አልነበረም።

እሑድ እንግዲህ አማካሪሽ ሶፋው ላይ ተቀምጠው ቅጾቹን አንድ በአንድ አገላበጡ። ጆርናሉ ከማተሙ በፊት ዋናዎቹን ማየት እፈልጋለሁ ብሏቸዋል።

«ስሟ ከላይ ነው አይደል የሚወጣው?» አለች እማዬ።

«መጀመሪያ የሷ ነው።»

«በትልቁ?»

ሳቅ አሉ። «እንደ ሌላው ሰው ነው፣ እናቴ።»

«አይ፣ መስታወት ውስጥ አድርጌ ልሰቅለው ስለሆነ ነው። ከሩቅ እንዲነበብ።»

ቅጾቹን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። ዚፑን ሲስቡ ድምፁ ይሰማኛል። ግማሽ ላይ ሲደርስ «የኔዎቹን አይውሰዷቸው» አልኩ።

«የትኞቹን?»

«የሦስተኛውንና የአራተኛውን ቅዳሜ። ማንንም አላየሁም። ከራሴ ነው የጻፍኳቸው።»

«ምን ይላል ይሄ ልጅ?» አለች እማዬ። «ሐዘኑ ነው፣ ጋሼ። እንቅልፍ ካጣ ሰንብቷል። ይዝጉት፣ ይዝጉት ቦርሳውን።»

አማካሪሽ ዓይናቸውን ከኔ ላይ አላነሱም። «እሷ ታውቅ ነበር?»

«አታውቅም።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«አቅፋኝ ነበር» አልኩ።

ዚፑን መልሰው ከፈቱ። ቅጾቼን ለይተው ጠረጴዛው ላይ አደረጉና መነጽራቸውን አወለቁ። ያለ እነሱ የሚታተም ነገር እንደሌለ ለእማዬ ቀስ ብለው ነገሯት። ለጆርናሉ እውነቱን ጽፈው ጥናቱን ከኅትመት ያስወጡታል።

እማዬ አልጮኸችም። «አንድ ነገር ቀርቷት ነበር፤ እሱንም ወሰድክባት» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሳምንቱን ሙሉ «ብላ» እና «በሩን ዝጋ» ብቻ ነው የምትለኝ።

አማካሪሽን እስከ መንገዱ ሸኘኋቸው። የጎደሉትን ሁለት ቅዳሜ ልቁጠር ብዬ ለመንኳቸው። «ይታተማል ብዬ ቃል አልገባልህም። ደግሞም ብቻህን አትቆጥርም። ምን እንደሚጠበቅ የማያውቅ ሰው አጠገብህ ተቀምጦ ይቆጥራል፣ ወረቀታችሁን ሳትተያዩ» አሉና ባዶ ቅጾች ሰጡኝ። ማንን እንደምጠይቅ ጨነቀኝ። ሁለት ቆጣሪ እንደሚያስፈልግ ለእማዬ ነግሬ ቅጾቹን ምግብ ጠረጴዛው ላይ ተውኳቸው።

ትናንት ዓርብ ነበር። ማይክሮስኮፕ ስለ እንቁራሪት ማዛጋት የተጻፈ ነገር አነበበ፤ ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም ትንሽ ሳቅኩ፣ አልዋሽሽም። ከዚያ እጄን አወጣሁ። «ቲቸር፣ እንዴት ነው የቆጠሩት?» ወረቀቱን ገልብጦ አየውና «ከርዕሱ በታች አላነበብኩም» አለ። ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም።

ዛሬ ጠዋት ጫማዬን ሳስር እማዬ ቦርሳዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት። ከቅጾቹ አንዱ እጇ ላይ ነው። አንቺ ምን ትገምቺ እንደነበር እማዬ አንድም ቀን ጠይቃሽ እንደማታውቅ ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። ጆርናል ላይ መውጣቱን እንጂ ምን እንደሚል አታውቅም። ሆስፒታሉ በር ላይ ስትደርስ መዝጊያውን ይዛ ቆመች፤ ዘበኛው ወንበራቸውን ለቀቁላት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ራሷ ተነስታ ገባች።

አሁን ካርድ ክፍሉ ጎን ተቀምጠናል፤ ሰው ባልመጣ ቁጥር ነው ይህን የምጽፍልሽ። ቅድም አንዲት ሴት ፔርሙዝ ይዛ መጣች። ካርዷ ቀይ ነው። አንድ ጊዜ ተጫነች፤ በራ። ሊፍቱ በጣም ዘገየ። በልቤ ተጫኚ፣ ተጫኚ አልኳት። እጇን ፔርሙዙ ላይ አድርጋ ዝም ብላ ቆመች፤ በሩ ሲከፈት ገባች።

ዜሮ ጻፍኩ።

ከዚያ እማዬ ምን እንደጻፈች ለማየት አንገቴን ሳሰግግ ወረቀቷን በመዳፏ ሸፈነችው።

«የራስህን ቁጠር» አለችኝ።

እየቆጠርኩ ነው፣ እታለም። የመጣውን እጽፋለሁ።

የካርድ ክፍሉ ቆጣሪሽ፣
ወንድምሽ