የአያልነሽ ፋይል

መጋቢት 25

ቀኑን ሙሉ ስካን። እዚህ ናይሮቢ ያለው ማኅበራችን «የአባላት ወረቀት ሁሉ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጥ» ካለ ወዲህ ፋታ የለም። የኢምባካሲዋ አያልነሽ የልጇን የልደት ወረቀት ይዛ ስትመጣ ቦርሳዬን አንስቼ ልወጣ ነበር። ቶሎ ሠራሁላት። «አያልነሽ ልደት» ብዬ ሴቭ ሳደርገው ኮምፒውተሩ «ሪፕሌስ?» አለኝ። «የስ» አልኩት። ጥያቄ አያልቅበትም!

ሚያዝያ 20

የኢስትሊዋ አያልነሽ መጣች። ጎርፍ ቤቷ ገብቶ ወረቀቶቿን በሙሉ ጨርሶባታል። ቢሆንም እየሳቀች ነው የገባችው።

«እትዬ ዓይናለም፣ እናንተ ጋ መኖሩ ተመስገን ነው! የልጄን የሮሃን የልደት ወረቀት ያትሙልኝ። እስከ ሠላሳ ድረስ ትምህርት ቤት ካልተመዘገበች ፈተናው ያልፋታል።»

ፋይሉን ከፈትኩ። የሌላ ልጅ ስም... የኢምባካሲዋ ልጅ። ያኔ ገባኝ። ሁለቱንም በአንድ ስም! እኛ መቼ በአባት ስም እንጠራራለን? ሮሃ የካቲት ላይ በእጇ አምጥታ ስካን ያደረግኩላትን፣ «የስ» ብዬ በሌላው ተካሁት።

እና ምን አልኩ? «እዚህ የለም። አልሰጣችሁንም መሰለኝ።»

«ሮሃን ልኬያት ነበርኮ!»

«እንጃ... ልጅ አይደለች?»

ከአፌ ወጣ። እንዴት እንዲህ እላለሁ?

ሚያዝያ 23

ፍላሹንም አየሁት። መጠባበቂያ ብዬ በየወሩ የምገለብጥበትን። ያው የኢምባካሲው ልጅ። ለካ በየወሩ አሮጌውን እየደመሰስኩ ነው አዲሱን የምጭነው። ስህተቴን ሁለት ቦታ አስቀምጬ...

ላሚያን ልጠይቃት? ኮምፒውተሮቹን የምታየው እሷ ናት። ናይሮቢ ያደገች፣ በዕድሜ ልጄ የምትሆን። እኔ ደግሞ «ኮምፒውተር አሳምሬ አውቃለሁ» ብዬ የተቀጠርኩ። አልጠየቅኳትም። ፈሪ።

ሚያዝያ 26

አያልነሽ ደወለች። አላነሳሁትም።

ሚያዝያ 27

መድኃኔዓለምን ልሳለም ስሄድ አያልነሽ በሩ ላይ አገኘችኝ። «ሮሃን ገረፍኳት፣ እትዬ» አለችኝ። «ወረቀቱን ሳትሰጣችሁ ሰጥቻለሁ ብላ ዋሸችኝ። እስካሁን አላመነችም።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ! ሳልሳለም ተመለስኩ። በቀጥታ ላሚያ ጋ ሄጄ ሁሉንም ዘረገፍኩት።

«አንቲ፣ ፋይሎቻችን ኢንተርኔት ላይ የሚቀመጡበት ድራይቭ የድሮውን ኮፒ ሠላሳ ቀን ያቆያልኮ! መቼ ነው ሪፕሌስ ያደረግሽው?»

ነገርኳት። በጣቷ ቆጠረች። «ከትናንት ወዲያ ሞላው... ፖሌ ሳና፣ በጣም አዝናለሁ።»

አያልነሽ የመጣች ቀን ብጠይቃት ኖሮ አምስት ቀን ነበረኝ። አምስቱን ቀን ሙሉ ሳፍር ከረምኩ።

ሚያዝያ 28

ላሚያ ትምህርት ቤቱን ጠየቀችልኝ። ከማኅበሩ ደብዳቤ ከመጣ፣ ሆስፒታሉ አዲስ ወረቀት እስኪሰጥ ድረስ ይመዘግቧታል። ሊቀመንበራችን አቶ ጓንጉል «የኮምፒውተር ብልሽት ነው ብለሽ ጻፊ፣ ራስሽን አታዋርጂ» አሉኝ። ልቤ ከጅሎ ነበር፤ ልዋሽ ምን ያህል ቀረኝ? «ልጅቷ ወረቀቱን አምጥታ አስረክባለች፤ ያጠፋሁት እኔ ጸሐፊዋ ነኝ» ብዬ ጻፍኩ። ሁለቴ አነበቡት። ማኅተሙን መቱልኝ።

ሲወጡ ላሚያን «ከሀ ጀምረሽ አስተምሪኝ። አላውቅም» አልኳት። ወንበሯን ሳበችልኝ።

ሚያዝያ 29

ደብዳቤውን ራሴ አደረስኩ። ሮሃ ተመዘገበች። ከዚያ ቤታቸው ሄድኩ። ጎርፉ የተወው መስመር ግድግዳው ላይ አለ።

ለአያልነሽ አንድም ሳልደብቅ ነገርኳት። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። አልጮኸችም። «ሮሃ» ብላ ተጣራች።

ልጅቷ መጣች። «ወረቀቱን ሰጥተሽኛል። የዋሸሁት እኔ ነኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት።

እኔን ዞራም አላየችኝ። እናቷን ነው ያየችው።

«ማሚ፣ ነግሬሽ ነበርኮ።»

አያልነሽ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «ይቀመጡ» ያለኝ የለም። እዚያው በቆምኩበት አለቀስኩ።