የእናቴ ኩባያና የአንተ ፍልስፍና

ውድ ሊቅ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ነው፤ ሌላ ነገር እንዳይመስልህ። «ሊቅ» ደግሞ ለራስህ ያወጣኸው ስም ስለሆነ አልነፍግህም።

የላክኸው ወረቀት ደርሶኛል። የዛሬ ሁለት ዓመት ምድጃ ውስጥ የተሰነጠቁት ሸክላዎቼ በሁለታችን ዕቅድ እንደተሰበሩ በፊርማዬ እንዳረጋግጥልህ ትጠይቀኛለህ። ለኤግዚቢሽንህ መጽሐፍ ነው አሉ። «ቅርጽን አብረን ገደልነው» የሚለውን ሳነብ ሻይ ትን አለኝ። አብረን? አንተ በሕይወትህ ጭቃ የነካኸው ዝናብ ሲዘንብ ነው፣ እሱም በጫማህ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከመጀመሪያው ልነሳ።

እኛ ጥበበኛ ነን ባዮች በዚያ በተዘጋ የሳሙና ፋብሪካ ውስጥ አብረን ስንኖር ሥራ የሚሠራው ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ገጣሚያችን «መጻፍ ግጥምን ይገድላል» ብሎ ብዕሩን ከጣለ ሦስት ዓመት አልፎት ነበር። አንተም ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም «ቅርጽ ባርነት ነው» ብለህ ጻፍክና ፍራሽ ላይ ተጋድመህ እኔ ጭቃ ሳቦካ ትመለከት ነበር። ኩባያ ስሠራ ካየኸኝ፣ የጓዳ ዕቃ ጥበብ አይደለም ለማለት፣ «ዛሬም ዕቃ ቤት ነሽ?» እያልክ ታስቅብኝ ነበር። እኔም አብሬ እስቅ ነበር። እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው።

ኩባያው ለማን እንደሆነ ታውቅ ነበር። የእናቴ እጅ መንቀጥቀጥ ጀምሮ፣ ሰው ካላጠጣት መጠጣት አቅቷት ነበር። አሥራ አንድ ኩባያ ሠራሁ፤ አንዱ ይከብዳታል፣ አንዱ ያዳልጣታል። አሥራ ሁለተኛውን ገና ርጥብ ሳለ በሁለት መዳፏ ውስጥ አስቀምጬ «እማዬ፣ እስቲ ጨብጪው» አልኳት። የአሥሩም ጣቶቿ ጎድጓዳ አሻራ ጭቃው ላይ ቀረ። ሲደርቅ መልሼ ሰጠኋት፤ ያዘችው፣ አልወደቀም። «እሰይ! ከእንግዲህ የሰው እጅ ማየት ቀረልኝ» አለች። ምድጃ ውስጥ በእሳት መተኮስ ብቻ ነበር የቀረው።

ምድጃቸውን ያዋሱን ጡብ ሠሪው ሽማግሌ የነገሩን አንድ ነገር ብቻ ነው። «ልጆቼ፣ እሳቱ ከጠፋ በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ እንዳትነኩት። ትኩስ ሸክላ ብርድ አይችልም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው።»

አንተ እሳቱ በጠፋ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ከሩቅ የመጣ የሥነ ጥበብ ሃያሲ አስከትለህ ደረስክ። የሰውየው ባቡር አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይነሳል።

«ክፈቺውና ይየው» አልከኝ።

«ገና አልበረደም። ነገ ይሁን።»

«ነገማ ሰውየው የለም።»

«ኧረ ይሰነጠቃል!»

«አይ አንቺ! ድሮም የዕቃ ቤት ሰው» አልክና ወደ ሃያሲው ዞረህ ሳቅክ።

የከፈትኩት እኔ ነኝ። ይህን አልክድም። ፈሪ እንዳልባል፣ በእናንተ ፊት ኋላ ቀር እንዳልመስል ብዬ የምድጃውን አፍ የዘጋሁበትን ጡብ በገዛ እጄ አንድ በአንድ አወረድኩ። ቀዝቃዛ አየር ሲገባ ሸክላዎቹ ቋ፣ ቋ ማለት ጀመሩ። ሃያሲው አጨበጨበ። አንተ ዓይንህን ጨፍነህ «ስሙት፣ ቅርጽ ነፃ ሲወጣ!» አልክ። ዳር ቆመው ያዩን የነበሩት ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አንስተው ወጡ። ኩባያውን በወፍራም ጨርቅ ይዤ ሳወጣው ለሁለት ተከፈለ። በማግስቱ ስብርባሪውን ሁሉ ለቃቅመህ ስትወስድ እንኳ አልከለከልኩህም።

ሌላ ለምን አልሠራሽም ትል ይሆናል። ሞክሬያለሁ። ነገር ግን በዚያው ክረምት የእናቴ ጣቶች ተኮራመቱ፤ አሁን ጭቃም አይጨብጡም። ከዚያ ወዲህ የምትጠጣው በእኔ እጅ ነው። ግማሹ በአገጯ ይፈስሳል፣ እሷ ታፍራለች፣ እኔ እንዳላየ ሰው ወደ መስኮቱ እዞራለሁ።

ባለፈው ሳምንት የኤግዚቢሽንህ አዳራሽ ሲዘጋጅ ገብቼ ነበር። ኩባያውን በመስታወት ሣጥን አድርገህ፣ መብራት አብርተህበት፣ ከሥሩ «ያልታወቀች ሴት አሻራ» ብለህ ጽፈሃል። ያልታወቀች! አንድ ዓመት ሙሉ እሁድ እሁድ ከማዕዷ በልተሃል። «ልጄ፣ ጨምር እንጂ» ስትልህ ሳህንህን ለማቅረብ የሚቀድምህ አልነበረም። ያን ጥበበኛ ለመምሰል ብለህ የቀደድከውን ሸሚዝ እንኳ ድህነት መስሏት ሰፍታልሃለች። አንተን መጥላት ጀምሬ ተውኩት፤ ለመጠላትም ቁም ነገር ያስፈልጋል።

ወረቀትህን አልፈረምኩም። ከጀርባው ግን እውነቱን ጽፌልሃለሁ፦ «ምድጃው ያለ ጊዜው ተከፈተ። የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ ያስከፈተኝም ከንቱ ውዳሴ ነው።» ወንድ ከሆንክ አትመው።

በመክፈቻው ዕለት እናቴን ይዤ እመጣለሁ። መቆም ስለማትችል ከፊት ወንበር አዘጋጅላት። የኩባያዋ መሰበር ለዓለም ያበረከተውን ሁሉ በራስህ አንደበት አስረዳት፤ እሷ ሰው ስታዳምጥ አታቋርጥም። አንተ ብዙ ስለምታወራ ውሃ ያቀርቡልሃል፣ ለእሷም ይቀዱላታል። ብርጭቆዋን ያን ቀን እኔ አልይዝላትም፤ ሰው ሁሉ እያየ የምታጠጣት አንተ ነህ።

የእናቷ ልጅ